ከኢሻ እስከ ሱብሂ፦ የአልጋ ቁስል የሚጀምርባቸው ሰዓታት

ደሴ ላይ ከኢሻ አዛን እስከ ሱብሂ ዘጠኝ ሰዓት ያህል አለ። ስትሮክ የመታት እናት ወይም ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንት በእነዚያ ሰዓታት ሁሉ በጀርባቸው ተንጋለው ካደሩ፣ ጠዋት ሐኪሞቹ ለራውንድ ሲገቡ ቁስሉ ተጀምሯል። ላይታይ ይችላል፤ ተጀምሯል ግን። አስታማሚው ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ አልጋው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ እንቅልፍ ጥሎታል። ተረኛዋ ነርስ ብዙ አልጋ ይጠብቃታል። ታካሚው ደግሞ «አዙሩኝ» ለማለት አቅም የለውም። በዋርድ ቋንቋ ቤድ ሶር የምንለው ቁስል በብዛት የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው። የፍራሽ እጥረት አለ፣ የሰው እጥረትም አለ። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚነሳው ማን እንደሆነ አለመነገሩ ነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሁለት ሰዎች ነው፤ ለአስታማሚውና ለነርሷ። እኛ አገር ሆስፒታል ውስጥ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰውና የሚያገላብጠው በአብዛኛው ቤተሰብ ነው። ሆኖም ለቤተሰቡ የሚነገረው «አገላብጡት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። በስንት ሰዓቱ፣ ወዴት፣ ስንት ዲግሪ፣ ምን ደግፎ፣ ምን እያየ? ይህ ካልተነገረ ትእዛዙ ባዶ ነው።

መጀመሪያ የሚጎዳው ቆዳ አይደለም። ሥጋ በአጥንትና በፍራሽ መሃል ሲጨመቅ ጫናው የሚበረታው አጥንቱ ሥር ነው። ጡንቻ ደግሞ የደም መቋረጥን ከቆዳ ያነሰ ነው የሚችለው፤ ስለዚህ ቀድሞ ይሞታል። ላይ ላይ የሳንቲም ያህል ጥቁረት ብቻ የታየበት ቦታ ሲከፈት ውስጡ ጡጫ የሚያስገባ ዋሻ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጠላት መንሸራተት ነው። ራስጌው ከፍ ሲል ሰውነቱ ወደ እግርጌ ይወርዳል፣ ቆዳው ግን አንሶላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ መሃል ያሉት ትንንሽ የደም ሥሮች ይለጠጣሉ፣ ይታጠፋሉ። በዚህ የተነሳ ከምግብ ሰዓት ውጪ ራስጌው ከ30 ዲግሪ ባያልፍ ይመረጣል። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቢያንስ 30 ዲግሪ ቀና ማለት አለበት። እዚያ ላይ መጀመሪያ ጉልበቱን በትራስ ትንሽ አጥፎ ከዚያ ራስጌውን ማንሳት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰውየው አስቀድሞ ተንሸራቷል።

ከዴላንታ፣ ከመቅደላ ወይም ከወረኢሉ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ ሰው ደግሞ ጫናው የሚጀምረው አልጋ ሳይዝ ነው። ጤና ጣቢያ ጠብቋል፣ አምቡላንስ ጠብቋል፣ ከዚያ ጠንካራ ስትሬቸር ላይ በጀርባው እየተንገጫገጨ መጥቷል፣ ድንገተኛ ክፍልም እንዲሁ ሰዓታት ቆይቷል። ጥልቅ ጉዳት ቆዳው ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ ነው። በሦስተኛው ቀን ዋርድ ውስጥ የታየ ወይን ጠጅ መሳይ ጥቁረት ደሴ ሳይደርስ የጀመረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ሲገባ፣ ቢዘገይ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ፣ ልብሱ ወልቆ ጀርባው፣ ዳሌውና ተረከዙ ይታይ፤ የታየውም ይጻፍ። ጠንካራው ሰሌዳ ከሥሩ መውጣቱን ማረጋገጥም የዚሁ አካል ነው፤ ሰሌዳው ለማጓጓዣ እንጂ ለማስተኛ አልተሠራም።

የትኛው ቦታ ነው የሚታየው? በጀርባ ለተኛ ሰው ነርሶች ሳክረም የሚሉት፣ ከወገብ በታች ከመቀመጫው መሰንጠቂያ በላይ ያለው አጥንት፣ ተረከዝ፣ ክርን፣ የጭንቅላቱ የኋላ ክፍል። በጎን ለተኛ የዳሌው ጎን፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጆሮ፣ ጉልበትና ጉልበት የሚነካኩበት። ለተቀመጠ የመቀመጫው ሁለት አጥንቶች። ከዚህ ሌላ የሚረሳ ቦታ አለ፦ የኦክስጅን ቱቦ ጆሮ ላይ የሚያልፍበት፣ የምግብ ቱቦ አፍንጫ ጫፍ ላይ የሚጫንበት፣ የጀሶ ጠርዝ፣ የአንገት ኮላር ሥር፣ ጭን ሥር የገባ የሽንት ካቴተር። እነዚህ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተነስተው ወይም ቦታ ተቀይረው ሥራቸው ይታያል። ትራክሽን (የተሰበረ እግርን በክብደት መሳቢያ) የገባለት ታካሚ ደግሞ ሁሉም የተሰበረውን እግር ሲያይ ደህናው እግሩ ይቆስላል፤ ራሱን ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ተረከዙን አንሶላው ላይ ይፈገፍገዋልና።

መጻሕፍቱ የመጀመሪያው ምልክት ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት ነው ይላሉ። ቅላቱ ቀላ ባለ ቆዳ ላይ ይታያል፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ላይታይ ይችላል። እኛ ጋ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ እጅ ያስፈልጋል። በስልክ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ በዙሪያው ካለው ቆዳ የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ቦታ ካለ ተጠራጠሩ። ቀጥሎ በጣታችሁ ጀርባ ነክታችሁ ከሌላው ጎን ጋር አወዳድሩ። ይሞቃል? ይቀዘቅዛል? ጠንክሯል? ወይስ እንደበሰለ ፍሬ ሟሙቷል? ሲነካ ያማል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ያ ጎን ከእንግዲህ አይተኛበትም፤ እስኪመለስ ድረስ።

ለአደጋ የተጋለጠውን ለመለየት ዋርዶች የሚጠቀሙበት የብሬደን መመዘኛ ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ ሕመም ይሰማዋል ወይ፣ ቆዳው ይረጥባል ወይ፣ ከአልጋ ይወርዳል ወይ፣ አልጋው ላይ ይገላበጣል ወይ፣ ምን ያህል ይበላል፣ ይንሸራተታል ወይ። ድምሩ ከ6 እስከ 23 ነው፤ 18 እና ከዚያ በታች ለአደጋ ተጋልጧል፤ 9 እና ከዚያ በታች እጅግ አሳሳቢ ነው። መመዘኛው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቻርት ላይ 11 ተጽፎ ከሥሩ ምንም ካልተሠራ ወረቀቱ ማንንም አላዳነም። ስድስቱ ውስጥ የመጀመሪያውን አጥብቄ እይዛለሁ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን የሚያውቅ የወሎ ሰው፣ በሥጋ ደዌ ስሜቱ የጠፋ እግር ሰውየው ሳያውቀው ምን እንደሚሆን አይቷል። ወገቡ ተመትቶ ከታች የማይሰማው ሰው መቀመጫም እንደዚያ እግር ነው፤ ማስጠንቀቂያ ደወሉ ተቆርጧል።

አሁን ወደ ማገላበጡ። የተለመደው መነሻ በየ2 ሰዓቱ ነው። ጥሩ ወፍራም ፎም ፍራሽ ካለና ቆዳው ከቻለ እስከ 4 ሰዓት ሊራዘም ይችላል፤ የሚወስነው ግን ከእያንዳንዱ መገልበጥ በኋላ የሚታየው ቆዳ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን ማንሳት የማይችል ሰው ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የሚችል ከሆነ በየ15 ደቂቃው መቀመጫውን ከፍ ያድርግ ወይም ወደ ጎን ዘንበል ይበል።

አንድ ተጨማሪ አንሶላ አራት ላይ እጠፉና ከትከሻው እስከ ጭኑ ድረስ ከሥሩ አንጥፉ። ሁለት ሰው ሆናችሁ በግራና በቀኝ ቁሙ፤ አንሶላውን ወደ ሰውነቱ ጠቅልላችሁ ያዙ። «እማዬ፣ አብሽሪ፣ አሁን ወደ ቀኝ ላዞርሽ ነው» ማለት ይቅደም፤ ያልተነገረው ሰው ደንግጦ ይገተራል፣ የተገተረውን ማዞር ደግሞ ይከብዳል። በሦስት ቆጥራችሁ አንሱ፤ አትጎትቱ። መጎተት ማለት ቆዳውን አንሶላው ላይ መላጥ ነው። ከዚያ ወደምትፈልጉት ጎን 30 ዲግሪ ብቻ አዘንብሉት እንጂ ሙሉ በሙሉ በዳሌው አታቁሙት። በ90 ዲግሪ በጎኑ ከቆመ ክብደቱ ሁሉ የዳሌው ጎን አጥንት ላይ ያርፋል፤ ሳክረሙን አድናችሁ ዳሌውን አቆሰላችሁ ማለት ነው። ከጀርባው ከትከሻ እስከ መቀመጫ ድረስ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ አስገቡ። ከዚያ መዳፋችሁን ሳክረሙ ሥር አሳልፉ፤ አጥንቱ ፍራሹን ካልነካ፣ እጃችሁ በቀላሉ ከገባ፣ ልክ ነው። በጉልበቶቹ መሃል አንድ ትራስ ይግባ። ከባት ሥር ሌላ ትራስ፤ ከጉልበት በታች እስከ ቁርጭምጭሚት በርዝመቱ ይዘርጋና ተረከዙ አየር ላይ ይንጠልጠል። ወረቀት ከተረከዙ ሥር ሳይነካ ካለፈ ተሳክቷል። ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፍ፤ ቀጥ ብሎ ከተገተረ ከኋላው ያለው ደም መላሽ ሥር ይጨነቃል።

አከርካሪው የተጎዳ ወይም ተጎድቷል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ግን በአስታማሚ ብቻ አይዞርም። አንድ ሰው የታካሚውን ጭንቅላት ይዞ ትእዛዝ የሚሰጥበት፣ ሌሎች ሦስት ሰዎች አካሉን እንደ ግንድ አንድ ላይ የሚያዞሩበት ሥራ ነው፤ ነርሷን ጥሩ።

ሰዓቱ ይጻፍ። አልጋው ራስጌ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ አንድ ወረቀት ይበቃል፦ ማታ 2 ሰዓት ቀኝ፣ 4 ሰዓት ጀርባ፣ ሌሊት 6 ግራ፣ 8 ቀኝ፣ 10 ጀርባ፣ ንጋት 12 ግራ። ሳክረሙ ቀድሞ ከቆሰለ «ጀርባ» የሚለው ይሰረዝና ቀኝና ግራ ብቻ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን ያዞረው ሰው ስም ይፈረም። ሁለት አስታማሚ ካሉ ሌሊቱን ይካፈሉት፤ አንዱ እስከ 7 ሰዓት፣ ሌላው ከዚያ በኋላ። የስልክ ደወል በየሁለት ሰዓቱ ይሞላ። ነርሷ ደግሞ ፈረቃ ስታስረክብ «ደህና ነው» ብላ ሳይሆን ወረቀቱን ይዛ ጀርባውን አሳይታ ታስረክብ።

ደሴና ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም ቆዳን የሚፈታተኑት በተለያየ መንገድ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ሌሊቱ ይበርዳል። ቤተሰብ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ይደርባል፤ ክብደቱ የእግር ጣቶችንና ተረከዝን ወደ ታች ይጫናል። እግርጌው ላይ ካርቶን አቁሞ ብርድ ልብሱን ማንጠልጠል ይቻላል። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ስሜት በሌለው እግር ላይ ማድረግ ግን በፍጹም አይሁን፤ ያቃጥለዋል፣ እሱም አያውቀውም። ኮምቦልቻ ላይ ላቡ ነው። አልጋው እንዳይረጥብ ተብሎ ከሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ላቡንም ሽንቱንም ቆዳው ላይ አምቆ ይይዛል። እርጥብ ቆዳ ይቦካል፤ የቦካ ቆዳ ደግሞ በትንሽ መጎተት ይላጣል። ላስቲኩ የግድ ካስፈለገ ከላዩ ወፍራም የጥጥ አንሶላ ይሁንና በረጠበ ቁጥር ይቀየር። ዳይፐር ያደረገ ሰው አልጋ ላይ ሳለ ዳይፐሩ ከሥሩ ተዘርግቶ ከፊት ክፍት ይሁን። በእያንዳንዱ መገልበጥ ይፈተሽ፤ ከረጠበ በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይፈገፈግ በጨርቅ እየተነካካ ይድረቅ፣ ቀጥሎም ቫዝሊን በስሱ ይቀባ። ፓውደር አትነስንሱ፤ ረጥቦ ይጓጉላል፣ የጓጎለውም እንደ አሸዋ ይፈገፍጋል።

ፍራሹን ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም። ታካሚው እንደተኛ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከፍራሹ ሥር፣ ከመቀመጫው ትክክል አስገቡ። አጥንቱ እጃችሁ ላይ ከተሰማችሁ ፎሙ ሞቷል፤ ከላዩ ሌላ ፎም ይደረብ። የአየር ፍራሽ ካለ ከላዩ አንሶላ አይከመር፤ አንድ ስስ አንሶላ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ አየሩም ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ያኔ ታካሚው የተኛው ብረቱ ላይ ነው ማለት ይቻላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍራሹን በእጅ መጫን ልማድ ይሁን። የአየር ፍራሽ አለ ብሎ ማገላበጥ መተውም ትልቅ ስሕተት ነው።

በቅን ልብ የሚደረጉ ሦስት ጎጂ ነገሮች አሉ። አንደኛው በመሃሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ትራስ ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ ደም ያግዳል፣ መሃል ያለውን ቆዳ ያሳብጣል። ሁለተኛው ውሃ የተሞላ የጎማ ጓንት ተረከዝ ሥር ማስቀመጥ ነው፤ ተረከዙን አያንሳፍፈውም፣ ጫናውን አጥብቦ ይሰበስበዋል። ሦስተኛው፣ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ የጠቆረውን ቦታ በቅባት ማሸት ነው። ልጅ የእናቱን ወገብ በፍቅር ያሻል፤ እዚያ ሥር ያለው የተጎዳ ሥጋ ግን በመታሸቱ ይበልጥ ይበጣጠሳል። እግሯን እሹላት፣ እጇን እሹላት፤ ያንን ቦታ ግን ተዉት።

ቁስል ያለበት ወይም ሊወጣበት የተቃረበ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲንና ከ30 እስከ 35 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከ62 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ሦስት እንቁላል ወደ 18 ግራም፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት ወደ 16፣ 150 ግራም የሐይቅ ዓሣ ወደ 30። ቀሪውን ሽሮና ምስር ይሞሉታል። ቀጭን አጥሚት ብቻ እየጠጡ ቁስል አይሞላም፤ አጥሚቱ በወተት ይሠራ፣ በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ ይሰጥ። በጾምና በረመዳን የታመመ ሰው ቢበላ በሁለቱም ሃይማኖት ፈቃድ አለው፤ ታካሚው እሺ ካላለ የንስሐ አባቱ ወይም ሼሁ መጥተው ቢነግሩት ከሐኪሙ ቃል በላይ ይሰማል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የፕሮቲኑን መጠን ሐኪሙ ይወስንለት።

ቁስሉ ከወጣ በኋላም ጫናውን ካላነሳችሁ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቆዳው ሳይከፈት ከተደረሰበት ጫናን ማንሳት ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጡት። ጥልቀት የሌለው ክፍት ቁስል በኖርማል ሳላይን (በተመጠነ የጨው ውሃ) ታጥቦ፣ ቫዝሊን በተቀባ ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ) ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሳላይን ከሌለ 10 ደቂቃ በፈላ አንድ ሊትር ውሃ ላይ 9 ግራም፣ ማለትም ለጥ ያለ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ጨምሮ ማቀዝቀዝ ነው። ተከድኖ ይቀመጥ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እየለማ ያለውን ሥጋ ይገድላሉ። የካፕሱል ዱቄት ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስ ኢንፌክሽን አያድንም፤ ይጋገራል፣ ከሥሩ መግል ይይዛል። የገበያ ማርም ለቁስል ተብሎ ከጀርም የጸዳው ማር አይደለም።

ጥልቅ ቁስል በነርስ ይታጠባል፤ የሚያስቃየው ከሆነ ማስታገሻው ከ30 ደቂቃ በፊት ይሰጥ። በሳላይን የረጠበ ጎዝ ተዘርግቶ ላላ ብሎ ይገባል። ተጠቅጥቆ ከገባ ከውስጥ ሌላ ጫና ፈጠረ ማለት ነው። የገባው ጎዝ ብዛት ይቆጠር፣ ጫፉ ውጪ ይቅር፤ ውስጥ የተረሳ ጎዝ ቁስሉ ለወራት እንዳይዘጋ ያደርጋል። ደርቆ ከተጣበቀ በሳላይን አርጥቡት እንጂ አትንጩት፤ ከጎዙ ጋር የሚወጣው ቀዩ፣ አዲሱ ሥጋ ነው። ቢጫውና ጥቁሩ የሞተ ሥጋ በባለሙያ ይቆረጣል፤ ተረከዝ ላይ ያለ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ መግል የሌለው ጥቁር ቅርፊት ግን አይነካም።

ልኩ በየሳምንቱ ይጻፍ፦ ርዝመት፣ ስፋት፣ በንጹህ የጥጥ ዘንግ ጥልቀት። እዚህ ላይ እኛን ብቻ የሚመለከት ወጥመድ አለ። ከቆዳው ሥር የገባው ዋሻ ወዴት እንደሚሄድ በሰዓት አቅጣጫ ይጻፋል፤ የታካሚው ራስ 12 ነው፣ እግሩ 6። በእኛ አቆጣጠር ግን የሰዓቱ አናት «ስድስት ሰዓት» ይባላል። አንዷ ነርስ 6 ብላ ራሱን ስትል ሌላዋ እግሩ ብላ ታነባለች። ስለዚህ «ወደ ራስ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር» ብሎ በቃል መጻፍ ይሻላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልኩ ካልቀነሰ አለባበሱን ብቻ አትቀያይሩ፤ ማገላበጡን፣ ምግቡን፣ ፍራሹን፣ የደም ስኳሩን እንደገና ፈትሹ። ትኩሳት፣ ወደ ዙሪያ የሚስፋፋ ሙቀትና እብጠት፣ አዲስ ሽታ ወይም የሚታይ አጥንት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ቁስል ይዞ ወደ ቤት የሚሸኝ ሰው ቤቱ ምን ላይ እንደሚተኛ ይጠየቅ። ጠፍር አልጋ ላይ ስስ ፍራሽ ከሆነ ጠፍሩ ልክ እንደ አጥንት ይጫናል፤ መደብ ላይ ቁርበት ከሆነም ከድንጋይ ብዙ አይሻልም። ፍራሽ ሻጮች ጋ ቁራጭ ፎም አይጠፋም፤ ከመቀመጫ እስከ ትከሻ የሚደርስ ወፍራም ቁራጭ ይዞ ይሂድ። ከመውጣቱ በፊት አስታማሚው ነርሷ እያየችው አንድ ጊዜ ራሱ ያገላብጥ፣ አንድ ጊዜ ራሱ ቁስሉን ይጠብ። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ቁስሉ ያለበትን ቦታና ልኩን በጽሑፍ ትያዝ። መኪናው ላይም ፎሙ ተነጥፎ፣ በቆሰለው ሳይሆን በደህናው ጎን ተዘንብሎ ይተኛ፤ የ2 ሰዓቱ ቆጠራ የሚጀምረው እዚያው ነው። ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው መንገዱ አጭር ነው። ከዚያ ለሚርቅ ግን ሹፌሩ መሃል ላይ እንዲቆምና ታካሚው ወደ ሌላው ጎን እንዲዞር ሳይነሱ በፊት ይነገረው።